የገበያውን መንገድ የጠየቀው ስደተኛ

 

የተቸገረን ሰው ስናይ ብዙዎቻችን ቶሎ ስንፍና ነው እንላለን። እስኪ ዛሬ የታላቁን ሶሐባ የዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍን (ረ.ዐ) ሕይወት እንመልከት።

ዐብዱረሕማን መካ ውስጥ ነጋዴ ነበር፤ ቀድመው ከሰለሙትም አንዱ ነው። የቁረይሾች በደል ሲበረታ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ615፣ ከመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ጋር ባሕር ተሻግሮ ወደ እኛው አገር፣ ወደ ነጃሺ መጣ። ኋላ ወደ መካ ተመለሰ። በ622 ወደ መዲና ሲሰደድ ግን ያፈራውን ሁሉ ጥሎ ባዶ እጁን ገባ። የደኸየው ሰንፎ አልነበረም፤ ተገፍቶ ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመዲናው ባለጸጋ ከሰዕድ ኢብን ረቢዕ (ረ.ዐ) ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድ ሀብቱን እኩል ሊያካፍለው ተነሣ። ዐብዱረሕማን ዱዓ አደረገለትና ገበያው የት እንደሆነ ብቻ እንዲያሳየው ጠየቀ። ወደ በኑ ቀይኑቃዕ ገበያ ወጥቶ በደረቀ አይብና በቅቤ ንግድ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ የአንድ የተምር ዘር ክብደት ያህል ወርቅ መህር ሰጥቶ አገባ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ በግም ቢሆን ወሊማ እንዲያደርግ አዘዙት። ውሎ አድሮ ከሶሐቦች ሀብታሞች አንዱ ሆነ፤ በሶደቃውም ታወቀ።

ታሪኩ ግን እዚህ አያበቃም። አንድ ቀን ጾሞ ውሎ ምግብ ሲቀርብለት ሙስዐብ ኢብን ዑመይርን (ረ.ዐ) አስታወሰ። ሙስዐብ በመካ በድሎት ያደገ ወጣት ነበር፤ እሱም ወደ ሀበሻ ተሰዷል፤ እሱም ለዲኑ ሲል ምቾቱን አጥቷል። ኡሑድ ላይ ሸሂድ ሲሆን ለከፈኑ የተገኘው አንድ ጨርቅ ብቻ ነበር። ራሱን ሲሸፍኑት እግሩ፣ እግሩን ሲሸፍኑት ራሱ ይገለጥ ነበር። ዐብዱረሕማን ሙስዐብ ከእሱ እንደሚበልጥ ተናግሮ አለቀሰ፤ ምግቡንም ተወው።

ዛሬም አገር ቤቱን ጥሎ ባዶ እጁን ሐዋሳ የሚገባ ሰው አለ። መናኸሪያው አካባቢ ወይም አሮጌ ገበያ ስናየው አንፍረድበት። ጉልበትም ሙያም ኖሮት የጎደለው አንድ ሰዕድ ብቻ ሊሆን ይችላል፦ ወለድ የሌለው መነሻ የሚያበድረው፣ ከመደቡ ጥግ የሚያካፍለው፣ ከደንበኛ የሚያገናኘው። የተሳካልን ደግሞ ከእኛ የሚበልጥ ሙስዐብ ሳያልፍለት እንደሄደ አንርሳ።

አላህ ሀላል ሪዝቅ ይስጠን፤ ለተቸገረም ሰዕድ ያድርገን። አሚን።