ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨርና የደከመው መሬት

በዚህ እትም የምናወሳው ሰው ጥቁር አሜሪካዊው የግብርና መምህር ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ነው። ብዙዎቻችን ስሙን የሰማነው ከለውዝ ጋር ተያይዞ ነው፤ እንዲያውም የለውዝ ቅቤን የፈጠረ እርሱ ነው ሲባል እንሰማለን። ይህ ስሕተት ነው፤ የለውዝ ቅቤ ከእርሱ በፊት የታወቀ ነበር። እኛ ልናነሣ የፈለግነው ከለውዙ ይልቅ ማስተማሩን ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ካርቨር በ1864 ገደማ በሚዙሪ ክፍለ ሀገር፣ ዳይመንድ በምትባል መንደር አጠገብ ከባሪያ እናት ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ወንበዴዎች ከእናቱ ጋር አፍነው ወሰዱት፤ እርሱ ተገኝቶ ሲመለስ እናቱ በዚያው ጠፋች። በሰው ቤት እያገለገለ፣ ልብስ እያጠበ ከከተማ ከተማ እየዞረ ተማረ። በካንሳስ አንድ ኮሌጅ በደብዳቤ ከተቀበለው በኋላ ጥቁር መሆኑን ሲያይ በሩን ዘጋበት። እርሱ ግን በአዮዋ ግብርና አጥንቶ በ1896 ሁለተኛ ዲግሪውን አገኘ። በዚያው ዓመት ቡከር ዋሽንግተን ጠርቶት በአላባማ ወደሚገኘው የተስኪጊ ትምህርት ቤት ሄደ።

እዚያ የጠበቀው የደከመ መሬት ነው። ገበሬው ከዓመት ዓመት ጥጥ ብቻ ስለሚዘራ አፈሩ ተሟጥጧል፤ ዝናቡም የቀረውን ያጥበዋል። አብዛኛው ጥቁር ገበሬ መሬቱ የራሱ አይደለም፤ በእኩል የሚያርስ ነው። ዘሩንም ቀለቡንም በዱቤ ይወስዳል፤ መከር ሲደርስ ምርቱ ለዕዳ ይሄዳል።

ለትምህርት የሚሆን ዕቃም አልነበረም። ካርቨር ተማሪዎቹን አስከትሎ ከቆሻሻ መጣያ ጠርሙስ፣ ጣሳና አሮጌ ፋኖስ አስለቀመና ቤተ ሙከራ አቋቋመ። ማዳበሪያ መግዛት ለማይችል ገበሬ የጫካ ቅጠልና የረግረግ ጭቃ አብስብሶ እርሻ ላይ መበተንን አሳየ። አተር፣ ለውዝና የመሳሰሉት ተክሎች በሥሮቻቸው በሚኖሩ ጥቃቅን ሕዋሳት አማካይነት ከአየር ናይትሮጅን ወስደው አፈሩን ያበለጽጋሉ። ስለዚህ ጥጥን ከእነርሱ ጋር ማፈራረቅ መሬቱን ያሳርፋል፤ ልጆችንም ይመግባል። ለውዝ ወደ ታሪኩ የገባው በዚህ መንገድ ነው። ይህንኑ በቀላል ቃል በትናንሽ መጻሕፍት እያሳተመ አደለ፤ ቁጥራቸው ከ40 በላይ ነው። በ1916 ያወጣው ስለ ለውዝ አበቃቀልና ለምግብ ስለሚዘጋጅባቸው 105 መንገዶች የሚናገር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን ጋሪው ነው። ገበሬው ወደ ትምህርት ቤት ሊመጣ አልቻለም፤ ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ወደ ገበሬው ሄደ። በ1906 ማረሻ፣ ዘርና የወተት መናጫ የጫነ፣ በእንስሳት የሚጎተት ጋሪ ከተስኪጊ ተነሥቶ በየገጠሩ መዞር ጀመረ። ነጂውና አስተማሪው የተስኪጊ ተማሪ የነበረው ወጣቱ ቶማስ ካምቤል ሲሆን፣ በአሜሪካ መንግሥት የተቀጠረ የመጀመሪያው ጥቁር የእርሻ ልማት ሠራተኛ ሆነ።

አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ግን ታሪኩን ማጣመም ይሆንብናል። ባለ መሬቱ ጥጥ ብቻ ዝራ ሲል፣ የእኩል አራሹ ወጣት የተማረውን ሁሉ ቢያውቅም ለውዝ የሚተክልበት ማሳ አልነበረውም። የካርቨር ትምህርት አፈሩን ሊያድስ ይችላል፤ የዕዳውን መዝገብ ግን ሊቀድድ አልቻለም። እርሱም በአደባባይ ከመሟገት ይልቅ ጓሮ አትክልትን፣ ዶሮን፣ ምግብ አድርቆ ማቆየትን፣ በአጭሩ ባለ መሬቱ የማይከለክለውን ማስተማር መረጠ። ይበቃ ነበር ወይ? በመካከላችን ተከራክረንበት አልተስማማንም።

ካርቨር ሚስት አላገባም። ለብዙ ዓመታት እሑድ እሑድ ለተማሪዎች መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምር ነበር። በተስኪጊ 47 ዓመት ያህል ከኖረ በኋላ ጥር 5 ቀን 1943 ዐረፈ። ያጠራቀመውን ገንዘብ በስሙ ለተቋቋመው የምርምር ድርጅት ትቶ ሄደ፤ መቃብሩም በዚያው ግቢ ከቡከር ዋሽንግተን አጠገብ ነው።