ሰዎችን ለ303 ዓመታት ያሠራ የአንድ መነኩሴ ስህተት

ሌሊት ልጆች ከተኙና ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ በየቤታችን ያለው ኮምፒውተር ሥራ ፈቶ ያድራል። በልዩ ልዩ አገሮች የሚኖሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ግን የእነርሱ ኮምፒውተር እንዲሁ እንዲያድር አይፈልጉም። ደመወዝ ሳይጠይቁ፣ አብዛኛዎቹም እርስ በርሳቸው ሳይተዋወቁ፣ አንድ የጋራ ሥራ ያሠሩታል። ሥራው ቁጥር ፍለጋ ነው። የሚፈለገው ቁጥር የሚጠራው ደግሞ ከሞተ ከ370 ዓመታት በላይ በሆነው በአንድ ፈረንሳዊ መነኩሴ ስም ነው።

ይህ ሰው ማሪን መርሴን ይባላል። እኔ በሙያዬ ማኅበራዊ ሠራተኛ እንጂ የሒሳብ ሊቅ አይደለሁም። ስለሆነም የሒሳቡን ነገር በምችለው መጠን አቅልዬ፣ የሰውየውን ሕይወት ግን ሰፋ አድርጌ ላጫውታችሁ።

መርሴን የተወለደው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 1588 በምዕራብ ፈረንሳይ፣ ዋዜ በምትባል ትንሽ መንደር አጠገብ ነው። ወላጆቹ በጉልበታቸው ሠርተው የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን የእንዲህ ያለ ቤት ልጅ ብዙውን ጊዜ የአባቱን ሥራ ይዞ ይቀር ነበር፤ እርሱ ግን ትምህርት ቤት ገባ። ኋላም ኢየሱሳውያን የሚባሉት ካህናት ላ ፍሌሽ በተባለ ከተማ በከፈቱት ታዋቂ ኮሌጅ ተማረ። በስምንት ዓመት የሚያንሰው ታላቁ ፈላስፋ ሬኔ ዴካርትም የተማረው በዚሁ ኮሌጅ ነው። መርሴን ከዚያ ወደ ፓሪስ ሄዶ የሃይማኖት ትምህርት ካጠና በኋላ፣ በ1611 ሚኒም በሚባል የመነኮሳት ማኅበር ገባ።

ሚኒም ማለት ከሁሉ ያነሱ ማለት ነው። የማኅበሩ ሥርዓት ጥብቅ ነበር፤ መነኮሳቱ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤም ሆነ አይብ ዓመቱን ሙሉ አይቀምሱም። የጾም ምግብ ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ እነርሱ ግን ያለ ሽሮና ያለ በርበሬ ነበር የሚጾሙት። መርሴን ኔቬር በተባለ ከተማ ለጥቂት ዓመታት ፍልስፍና ካስተማረ በኋላ በ1619 ወደ ፓሪስ ተመልሶ በማኅበሩ ገዳም አንዲት ክፍል ተሰጠችው። ከአንዳንድ ጉዞዎች በስተቀር እስከ ዕለተ ሞቱ የኖረው በዚያች ክፍል ነው።

እንግዲህ የዚህ ሰው ታላቅ ሥራ የተሠራው በዚያች ክፍል ሆኖ በጻፋቸውና በተቀበላቸው ደብዳቤዎች ነው። በዘመኑ የሳይንስ መጽሔት የሚባል ነገር አልነበረም፤ የመጀመሪያዎቹ የወጡት እርሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1665 ነው። አንድ ሊቅ አዲስ ነገር ቢያገኝ በሌላ አገር ያለው ሊቅ የሚሰማው በዕድል ነበር። መርሴን ይህን ጉድለት ብቻውን ለመሙላት ተነሣ። ቱሉዝ ከተማ በሕግ ሥራ ላይ ከነበረው ከፌርማ፣ ሆላንድ ከሄደው ከዴካርት፣ ከጣሊያኖቹ ከጋሊሊዮና ከቶሪቼሊ፣ ከእንግሊዛዊው ከሆብስ ጋር ይጻጻፍ ነበር። ከአንዱ ጥያቄ ይቀበልና ለሌላው ይልካል፤ መልሱ ሲመጣ ገልብጦ ለሦስተኛው ያስተላልፋል። በአውሮፓ ለመርሴን አንድ ነገር መንገር ለሊቃውንቱ ሁሉ መንገር ነው እስከመባል ተደርሶ ነበር።

ይህ ጠባይ ጣጣም ነበረው። በግል የተጻፈለትን ደብዳቤ ለሌሎች ከማሳየት ወደኋላ አይልም ነበር። በእኔ ሙያ እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርግ ሰው ከሥራው ይባረራል! ዴካርት በ1637 መጽሐፉን ባወጣ ጊዜ ፌርማ ያቀረበውን ትችት ያደረሰው መርሴን ነበር፤ በሁለቱ መካከል ብርቱ ጠብ ተነሣ፤ ደብዳቤዎቹም በመርሴን በኩል ይመላለሱ ነበር። ይሁን እንጂ ሁለቱም እርሱን አልተዉትም። እንዲያውም ዴካርት በ1641 ዋናውን የፍልስፍና መጽሐፉን ሲያሳትም፣ ተቃዋሚዎቹ የሚሉትን አስቀድሞ እንዲሰበስብለት የላከው መርሴንን ነው። የተቃውሞ ጽሑፎቹም ከመልሳቸው ጋር በዚያው መጽሐፍ ታትመው ወጡ።

ድፍረቱንም ልጥቀስላችሁ። በ1633 ጋሊሊዮ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች በማለቱ ሮም ላይ ተፈርዶበት በቤቱ እንዲታሰር ተደረገ። መርሴን ለዚያችው ቤተ ክርስቲያን የታዘዘ መነኩሴ ነው። ሆኖም ፍርዱ በተሰጠ በዓመቱ፣ በ1634፣ ጋሊሊዮ ስለ መካኒክ የጻፈውን ሥራ ወደ ፈረንሳይኛ መልሶ አሳተመ። ይህን ያደረገው ጋሊሊዮን በጭፍን ስለተከተለ አይደለም። ዕቃ ከከፍታ ሲወድቅ ያለውን ፍጥነት ራሱ ለክቶ የጋሊሊዮ አኃዝ ከእርሱ ጋር ባለመግጠሙ ይህንኑ በግልጽ ጽፏል።

ሙዚቃንም አጥንቷል። ክራር የሚመታ ሰው ጅማቱን ሲያጠብቀው ድምፁ እንደሚቀጥን፣ ረጅምና ወፍራም ጅማት ደግሞ ወፍራም ድምፅ እንደሚሰጥ በእጁ ያውቃል። መርሴን ይህን በቁጥር አስቀመጠው። እርግብግቢቱ በዓይን ሊቆጠር እስኪችል ድረስ እጅግ ረጅም ጅማት ወጥሮ ቆጠረ። የጅማት ርዝመት በግማሽ ሲቀነስ እርግብግቢቱ በእጥፍ እንደሚጨምር፣ ውጥረቱ አራት እጥፍ ሲሆንም እንደዚሁ በእጥፍ እንደሚጨምር በ1636 መታተም በጀመረው ትልቅ መጽሐፉ ገለጸ። ይህ ሕግ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

ከ1635 ጀምሮ ደግሞ የፓሪስ ሊቃውንት በየጊዜው እየተገናኙ እንዲወያዩ አደረገ። ከተሰብሳቢዎቹ መካከል አባቱን ተከትሎ የሚመጣ ብሌዝ ፓስካል የሚባል ልጅ ነበረበት። መርሴን በ1644 ወደ ጣሊያን ተጉዞ ቶሪቼሊ በብርጭቆ ቱቦና በሜርኩሪ ያደረገውን የአየር ግፊት ሙከራ ወሬ ይዞ ሲመለስ፣ ነገሩን ከዳር ያደረሰው ይኸው ፓስካል ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። 12 ዳቦ ለ2፣ ለ3፣ ለ4 ወይም ለ6 ሰው እኩል ይከፈላል። 13 ዳቦ ግን ሳይቆረስ ለማንም እኩል አይደርስም፤ ወይ አንድ ሰው ሁሉን ይወስዳል፣ ወይ 13 ሰዎች አንድ አንድ ይደርሳቸዋል። እንደ 13 ያለው ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል፤ ልጆቻችሁ በዕብራይስጥ ሚስፓር ሪሾኒ ሲሉ የምትሰሙት ነው። መርሴንን የማረከው ከእነዚህ መካከል አንድ ልዩ ወገን ነው። ከ1 ተነሡና እጥፍ አድርጉ፤ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እያላችሁ ሂዱ። ከዚያ 1 ቀንሱ። ሦስት ጊዜ እጥፍ አድርጋችሁ 1 ስትቀንሱ 7፣ አምስት ጊዜ ሲሆን 31፣ ሰባት ጊዜ ሲሆን 127 ታገኛላችሁ። ሁሉም ብቸኛ ናቸው። ታዲያ ሁልጊዜ እንዲህ ነው ብላችሁ እንዳትቸኩሉ! 11 ጊዜ እጥፍ አድርጋችሁ 1 ስትቀንሱ 2,047 ይመጣል፤ ይህ ደግሞ 23 በ89 ሲባዛ የሚገኝ ነው።

መርሴን ይህን ጥያቄ የያዘው እንደ ልማዱ በደብዳቤ ነው። በ1643 ለፌርማ 100,895,598,169 ብቸኛ ነው ወይስ አይደለም ብሎ ጠየቀው፤ ፌርማም 898,423 በ112,303 ሲባዛ የሚገኝ መሆኑን መለሰለት። ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን ነው ይህ የሆነው።

በ1644 መርሴን ባሳተመው መጽሐፍ መግቢያ ላይ አንድ ደፋር ቃል አሰፈረ። እስከ 257 ጊዜ ድረስ እጥፍ እያደረግን ብንሄድ፣ 1 ስንቀንስ ብቸኛ የሚሆኑት 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ጊዜ ያጠፍናቸው ብቻ ናቸው አለ። እስከ 19 ያለውን ሌሎች አስቀድመው ያውቁት ነበር፤ መርሴን በተወለደበት በ1588 ካታልዲ የተባለ ጣሊያናዊ 17ንና 19ን አረጋግጦ ነበር። ከዚያ በላይ ያሉትን መርሴን እንዴት እንዳገኛቸው አላሳየም። አስቸጋሪነቱ ጠፍቶት አልነበረም፤ 15 ወይም 20 አኃዝ ያለው ቁጥር ብቸኛ መሆን አለመሆኑን ለመመርመር ዘመን ሁሉ እንደማይበቃ እዚያው ጽፏል። በ257 ያለው ቁጥር ግን 78 አኃዝ አለው!

ከአራት ዓመታት በኋላ መርሴን በሳንባው አካባቢ መግል ቋጥሮ ታመመ። ሐኪሞች መግሉን ለማውጣት ጎኑን ቀደዱት፤ ነገር ግን አልተገኘም። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1648፣ 60 ዓመት ሊሞላው አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ወዳጁ ጋሳንዲ አጠገቡ ሳለ ዐረፈ። አስከሬኑ ለምርምር እንዲከፈት ራሱ ተናዝዞ ነበርና ተከፈተ፤ ሐኪሞቹ የቀደዱት ከትክክለኛው ቦታ ዝቅ ብለው እንደነበር የታወቀው ያን ጊዜ ነው። በክፍሉ ውስጥ 78 ሰዎች የጻፉለት ደብዳቤዎች ተገኙ።

ዝርዝሩ ግን ሰው እንዲያርፍ አላደረገም። በ1772 ኦይለር 31 ትክክል መሆኑን አሳየ። በ1876 ሉካስ የተባለ ፈረንሳዊ 127ን አረጋገጠ፤ ባለ 39 አኃዝ ቁጥር ነው። ይኸው ሰው 67 ስህተት መሆኑንም ደረሰበት፤ ሆኖም ቁጥሩ በምንና በምን እንደሚከፈል ማወቅ አልቻለም። በ1883 ፔርቩሺን የተባለ ሩሲያዊ ቄስ መርሴን 61ን እንደዘለለ አገኘ። አንዳንዶችም መርሴን 61 ሊል ፈልጎ በጽሕፈት ስህተት 67 ብሎ ይሆናል ብለው ገመቱ።

እንደሚተረከው በ1903 አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ኮል በሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ ተነሥቶ ጥቁር ሰሌዳው ላይ 67 ጊዜ እጥፍ አድርጎ 1 ቀነሰ፤ 147,573,952,589,676,412,927 መጣ። ቀጥሎ በሌላው ወገን 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዛ። ሁለቱ ውጤቶች አንድ ሆኑ። አንዲት ቃል ሳይናገር ወደ ወንበሩ ተመለሰ፤ ጉባኤውም አጨበጨበለት። የሦስት ዓመት እሑዶች እንደፈጀበት ኋላ ተናግሯል።

በ1911 እና በ1914 መርሴን 89ንና 107ንም እንደዘለለ ታወቀ። 257ም ስህተት ሆኖ ተገኘ። ዝርዝሩ ከዳር እስከ ዳር ተጣርቶ ያለቀው በ1947 ነው፤ አምስት ስህተት ተገኘበት። እኔ ግን ዝርዝሩ እንከን የሌለው ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ሰው ያሠራ ነበር ወይ ብዬ እጠይቃለሁ።

በ1952 ሮቢንሰን የተባለ የሒሳብ ሰው ሎስ አንጀለስ በነበረ ኮምፒውተር በአንድ ቀን ሁለት አዳዲስ የመርሴን ብቸኛ ቁጥሮች አገኘ። ከዚያ በኋላ ሥራው ትልልቅ ኮምፒውተር ባላቸው ተቋማት እጅ ገባ፤ እስከ 1996 ድረስ። በዚያ ዓመት ጃንዋሪ ጆርጅ ዎልትማን የተባለ አሜሪካዊ የፕሮግራም ባለሙያ ማንም ሰው በቤቱ ኮምፒውተር የሚሳተፍበትን የመርሴን ቁጥሮች ፍለጋ ጀመረ። አሠራሩ መርሴን በደብዳቤ ያደርገው የነበረው ነው ማለት ይቻላል። ከማዕከሉ በኢንተርኔት አንድ ጥያቄ ይላክላችኋል፤ ኮምፒውተራችሁ ለቀናት አንዳንዴም ለሳምንታት ያሰላል፤ መልሱን ይመልሳል፤ ሌላ ጥያቄ ይቀበላል። በዚያው በ1996 ኖቬምበር የመጀመሪያው ቁጥር ተገኘ፤ 420,921 አኃዝ ነበረው።

ለመግባት የምታስቡ ካላችሁ ፕሮግራሙ ክፍያ የለውም። ኮምፒውተሩ ግን ሌሊቱን ሙሉ በኃይል ሲሠራ ይሞቃል፣ የመብራት ሒሳብም ይጨምራል፤ ይህን ማንም አይከፍልላችሁም። ቁጥር ላገኘ ሰው 3,000 ዶላር ሽልማት ሲሰጥ ቆይቷል። ሆኖም የብዙው ተሳታፊ መልስ ዓመት እስከ ዓመት አንድ ነው፤ ይህ ቁጥር ብቸኛ አይደለም የሚል። ይህም መልስ ተመዝግቦ ይቀመጣል።

በኦክቶበር 2024 የተነገረው ቁጥር 136,279,841 ጊዜ እጥፍ ተደርጎ 1 የተቀነሰበት ሲሆን 41,024,320 አኃዞች አሉት። በየሰከንዱ አንድ አኃዝ እየጻፋችሁ ቀንና ሌሊት ሳታቋርጡ ብትቀጥሉ ከ474 ቀናት በላይ ይፈጅባችኋል። ያገኘው አሜሪካዊ በ17 አገሮች ያሉ ኃይለኛ ኮምፒውተሮችን አስተባብሮ ነው እንጂ በአንድ የቤት ኮምፒውተር አይደለም። በቤት ኮምፒውተር የተገኘው ከእርሱ በፊት የነበረው፣ የ2018ቱ ነው።

ይህ ቁጥር እስካሁን የሚታወቁትን 52 አድርሷቸዋል። ፈላጊዎቹ ግን በቅደም ተከተል 52ኛው ነው ለማለት አልደፈሩም። በትልልቆቹ መካከል የተዘለለ ቁጥር ይኖር እንደሆነ ለማወቅ፣ ከኋላ የቀረውን አንድ በአንድ መልሰው ይፈትሻሉ። አዲስ ከሚገቡት ኮምፒውተሮችም አንዳንዶቹ መጀመሪያ የሚሰጣቸው ሥራ ይኸው ነው።