ቻርለስ ዳርዊን እና የኮራል ሪፍ የኖራ ድንጋይ ጥናት

ቻርለስ ዳርዊን በይበልጥ የሚታወቀው በዝግመተ ለውጥ ንድፈ ሐሳቡ ቢሆንም፣ የመጀመሪያ ሳይንሳዊ ዝናውን ያተረፈው በሥነ ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1809 በእንግሊዝ አገር በሽሩስበሪ ተወለደ። በኤድንብራ የጀመረውን የሕክምና ትምህርት ትቶ በካምብሪጅ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1831 ከጂኦሎጂስቱ አዳም ሴጅዊክ ጋር በዌልስ የመስክ ሥራ ከተለማመደ በኋላ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ በቢግል መርከብ ተሳፈረ።

ዳርዊን የደቡብ አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ከባሕሩ በላይ ከፍ ማለቱን ካጠና በኋላ፣ የብስ ከፍ የሚል ከሆነ የውቅያኖስ ወለል በሌላ ስፍራ ሊሰምጥ እንደሚችል አሰበ። ሪፍ ገንቢ ኮራሎች የሚኖሩት ጥልቀት በሌለው ውሃ ብቻ በመሆኑ፣ የእሳተ ገሞራ ደሴት ቀስ በቀስ ሲሰምጥ ኮራሉ ወደ ላይ ያድጋል። በመጀመሪያ ከየብሱ ጋር የተያያዘው ሪፍ ኋላ በውሃ ይለያል፤ ደሴቱ ፈጽሞ ሲሰወርም ቀለበት መሰል አቶል ይቀራል። ይህን መላምት የቀረጸው እውነተኛ የኮራል ሪፍ ከማየቱ በፊት ነበር።

ፈተናው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1836 በሕንድ ውቅያኖስ በኪሊንግ ደሴቶች ነው። የመርከቡ አዛዥ ፊትዝሮይ ሞራ የተቀባ የእርሳስ ክብደት በገመድ እያወረደ ጥልቀት አስለካ። እስከ 18 ሜትር ገደማ ባለው ጥልቀት ሞራው የሕያው ኮራል ቅርጽ ይዞ ወጣ፤ ጥልቀቱ ሲጨምር ግን አሸዋ እየበዛ ሄደ። ከዳርቻው 2 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የወረደው 2,200 ሜትር ገደማ ገመድ ወለል አላገኘም። ዳርዊን ማዕበል በሚመታው ጠርዝ ኮራልና ኖራ ሠሪ አልጌ፣ በሪፉ ጠለል ላይ የተጣበቀ ስብርባሪ፣ በውስጠኛው ላጉን ደግሞ አሸዋና ደቃቅ ጭቃ መኖሩን ለየ። ዛሬ ተመራማሪዎች የጥንት ሪፎችን የደለል ፋሺስ ሲለዩ የሚከተሉት ይህንኑ ዓይነት አቀማመጥ ነው።

ሥራው እ.ኤ.አ. በ1842 በመጽሐፍ ታተመ፤ ይሁን እንጂ ጆን መሬይና አሌክሳንደር አጋሲዝ መስመጥ አስፈላጊ አይደለም ሲሉ ተቃወሙ። ክርክሩን ሊፈታ የሚችለው የአቶሉ ውስጥ ድንጋይ ብቻ ስለነበር፣ ዳርዊን በመጨረሻ ዘመኑ ለአጋሲዝ በጻፈው ደብዳቤ ጥልቅ ቁፋሮ እንዲካሄድ ተመኘ። ምኞቱ ሳይፈጸም እ.ኤ.አ. በ1882 አረፈ።

እ.ኤ.አ. በ1952 በኤኒዌቶክ አቶል የተካሄደው ቁፋሮ ከ1,200 ሜትር በላይ ውፍረት ያለውን የኖራ ድንጋይ አልፎ ከባዛልት ደረሰ፤ ስለ መስመጥ የቀረበው ሐሳብም ጸና። ሆኖም በበረዶ ዘመናት የተከሰተው የባሕር ጠለል መለዋወጥ በዳርዊን ማብራሪያ ውስጥ አልነበረም። ይህን ጉድለት ሬጂናልድ ዴሊ እ.ኤ.አ. በ1915 በጉልህ አነሣ። ስለሆነም በደናክል ረባዳ ዳርቻ እንዳለው ያለ ለጋ የኮራል ኖራ ድንጋይ የሚያጠና ተመራማሪ፣ የምድሩን እንቅስቃሴና የባሕሩን መለዋወጥ ለይቶ መመዘን ይኖርበታል።