ከአጋዘኑ በፊት ቅጠሉን ያየው ሰው፦ አልዶ ሊዮፖልድ

በኅዳር ወር ወደ ዊስኮንሲን ገጠር በመኪና የወጣ ሰው ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ አዳኞችን ሳያይ አይመለስም። አንዳንዶቻችን ለትምህርት እንደመጣን ነገሩ ግር ብሎናል። እንስሳን እወዳለሁ የሚል ሰው እንዴት ጠመንጃ ይዞ ይወጣል ብለንም ጠይቀናል። በዚህ ዕትም ሕይወቱን የምንተርክላችሁ ሰው ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልኩን ሲያብሰለስል የኖረ ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። በአገራችን አጋዘን የምንለውና የአሜሪካው እንስሳ ዘራቸው የተለያየ ነው። የእኛው ቀንዱን ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይኖራል፤ የአሜሪካው ወንድ ግን በየዓመቱ ጥሎ ሌላ ያበቅላል። ሌላ የለመድነው ስም ስለሌለን እሱንም አጋዘን እንለዋለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አልዶ ሊዮፖልድ በ1887 በአዮዋ ግዛት፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በምትገኘው በርሊንግተን ከተማ ተወለደ። አባቱ የጽሕፈት ጠረጴዛ የሚያመርቱ ነጋዴና አዳኝ ነበሩ። ሕግ ሳያስገድዳቸው ለራሳቸው ገደብ አበጅተው ያድኑ ስለነበር፣ ልጃቸው አደን ልክ እንዳለው ከሳቸው ተማረ። በ1909 ከዬል የደን ትምህርት ቤት በማስተርስ ዲግሪ ተመረቀና በአሜሪካ የደን አገልግሎት ተቀጥሮ ወደ አሪዞና ተራሮች ተላከ።

በዚያን ጊዜ ተኩላ ያየ ሁሉ ይተኩስ ነበር፤ አልዶም ተኮሰ። ከጓደኞቹ ጋር አንዲት እናት ተኩላ ገደሉ፤ ነፍሷ ሳይወጣ ደርሶ ዓይኗን አየ። ያ ዓይን ከህሊናው አልጠፋም፤ ይሁን እንጂ ወዲያው ሐሳቡን አልለወጠም። እንዲያውም በኒው ሜክሲኮ አዳኞችን አደራጅቶ ተኩላና የተራራ አንበሳ ጨርሰው እንዲጠፉ ለዓመታት ቀስቅሷል። ስሌቱ ቀላል ነበር፤ ተኩላ ሲያንስ አጋዘን ይበዛል፣ ተኩላ ሲጠፋ የአዳኝ ገነት ይሆናል።

ስሌቱን ያፈረሰው መሬቱ ራሱ ነው። ከግራንድ ካንየን በስተሰሜን በሚገኘው የካይባብ አምባ አደን ተከልክሎ፣ የመንግሥት አዳኞችም አጋዘን የሚበሉትን አራዊት ለዓመታት ሲገድሉ ቆይተው ነበር። አጋዘኑ በዛ፤ ቁጥቋጦውን ሁሉ ጋጠ። በ1920ዎቹ አጋማሽ በበረዶው ወቅት በረሃብ ረገፈ። መንጋው ካለቀ በኋላም የተጎዳው መሬት ቶሎ አላገገመም።

አልዶ በ1924 ወደ ማዲሰን፣ ዊስኮንሲን ተዛወረ። በ1928 ከደን አገልግሎቱ ወጥቶ በመካከለኛው ምዕራብ ግዛቶች እየዞረ የአደን እንስሳትን ይዞታ አጠና። በ1933 ስለ አደን እንስሳት አያያዝ የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ታተመ፤ በዚያው ዓመት በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ሙያ ፕሮፌሰር ሆነ። እንደ እሱ አስተሳሰብ የዱር እንስሳን ያጠፉት መጥረቢያ፣ ማረሻ፣ ከብት፣ እሳትና ጠመንጃ፣ በልክ ከተያዙ መልሰው ያለሙታል።

አብዛኛው መሬት የግለሰብ መሆኑንም ያውቅ ነበር። ስለዚህ በ1931 ከማዲሰን ብዙም በማትርቀው ራይሊ ገበሬዎችንና የከተማ አዳኞችን አስማምቶ ማኅበር አቋቋሙ። ገበሬው መሬቱን፣ ከተሜው ገንዘቡን አዋጣ፤ ያለ ፈቃድ የሚገባ አዳኝ ቀረ። እዚያ የሚታደነው በአብዛኛው ወፍ ቢሆንም፣ የመሬቱ ባለቤት ካልተሳተፈ የዱር እንስሳ እንደማይለማ ልምዱ አሳይቷል።

በ1935 ወደ ጀርመን ተጉዞ ሌላ ትምህርት ቀሰመ። እዚያ አጋዘን በእጅ እየተመገበ፣ በመስመር በተተከለ ደን ውስጥ ይኖር ነበር፤ ከዛፎቹ ሥር ግን አበባና ቁጥቋጦ ጠፍቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በሜክሲኮ፣ በቺዋዋ ግዛት ተራሮች ተቃራኒውን አየ። አጋዘኑም ተኩላውም አንበሳውም ነበር፤ መሬቱም ጤነኛ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ያገኘው ትምህርት ዛሬም የአደን መሬት ላለው ሰው ይሠራል። ጎበዝ እረኛ ከብቱን ከመቁጠሩ በፊት ግጦሹን እንደሚያይ፣ ባለ መሬትም ከአጋዘኑ በፊት ቀንበጡን ማየት አለበት። ችግኝ ከጉልበት በላይ ካላደገ፣ ዛፉ አጋዘን አንገቱን ዘርግቶ እስከሚደርስበት ድረስ ከተላጨ፣ መንጋው ከመኖው በላይ ሆኗል። ትንሽ ቦታ አጥሮ ውስጡንና ውጪውን ማወዳደር በቂ ማስረጃ ነው። መኖ መበተን አጋዘኑን አንድ ቦታ ይሰበስባል፤ በሽታ ያዛምታል፤ ዙሪያውንም ያስጨርሳል። ወንዱን ብቻ ማደንም ቁጥሩን አይቀንስም፤ አንድ ወንድ ብዙ ሴቶች ስለሚያስረግዝ መንጋው መውለዱን ይቀጥላል። መንጋ የሚመጠነው ሴቶቹም ሲታደኑ ነው።

አስቸጋሪው ይህንን ለሕዝብ መንገር ነበር። በዚያን ጊዜ በዊስኮንሲን ሴት አጋዘን መግደል እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። አልዶ የተሳተፈበት የዜጎች ኮሚቴ ግን በበረዶው ወቅት ወደ ሰሜኑ ደን ወጥቶ በረሃብ የሞቱ ግልገሎችን አየ። በ1943 የግዛቱ የጥበቃ ኮሚሽን አባል ሲሆን ኮሚሽኑ ሴት አጋዘንም እንዲታደን ፈቀደ። በዚያ ወቅት ከ120 ሺህ በላይ አጋዘን ተገደለ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ውሳኔው ወንጀል ተባለ። ጋዜጣ ተቋቁሞ ሳይቀር ተዘመተበት፤ ሕጉም በቀጣዩ ዓመት ወደ ወንድ ብቻ ተመለሰ። አልዶ ግን አላፈገፈገም። ይልቁንም በ1944 የዚያችን ተኩላ ታሪክ ጽፎ፣ በወጣትነቱ የተሳሳተው እሱ ራሱ እንደነበር ለአንባቢ ተናዘዘ።

የሚያስተምረውን በራሱ መሬትም ይሞክር ነበር። በ1935 በዊስኮንሲን ወንዝ ዳር ለምነቱ የተሟጠጠ እርሻ ገዝቶ፣ አሮጌውን የዶሮ ቤት ለቤተሰቡ የእረፍት ጎጆ አደረገው። ከባለቤቱ ከኤስቴላና ከአምስት ልጆቻቸው ጋር በየጸደዩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጥድ ችግኞች ተከሉ፤ ድርቅ የገደለውን በሚቀጥለው ዓመት ይተኩ ነበር።

በሚያዝያ 1948 በጎረቤት መሬት ላይ የሣር እሳት ተነሣ። አልዶ እሳቱን ለማጥፋት ሲረዳ በልብ ድካም ወድቆ በ61 ዓመቱ ሞተ። ስሙን ያስጠራው መጽሐፍ፣ የአሸዋማው አገር ማስታወሻ፣ አሳታሚ እንደተቀበለው ከሰማ ገና አንድ ሳምንት ገደማ ነበር፤ በ1949 ታተመ። በዚያው ዓመት ዊስኮንሲን ሴት አጋዘን እንዲታደን እንደገና ፈቀደች።

የዶሮ ቤቱ ዛሬም ቆሟል፤ ከማዲሰን አንድ ሰዓት ያህል ያስነዳል። በዚያ አካባቢ ያላችሁ ተማሪዎች ሄዳችሁ ጥዶቹን እዩ፤ ባዶ መሬት ላይ በእጅ የተተከሉ ናቸው።