የሙሉው ገበሬ

አዲስ አበባን የምታውቁ ሳንፎርድ ትምህርት ቤት ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ስሙ የአንድ ቤተሰብ ስም ነው።

የቤቱ አባወራ ዳንኤል ሳንፎርድ በ1874 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ተወለዱ። ወታደር ነበሩ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለንግድ ሥራ ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ሙሉ በተባለ ስፍራም እርሻ አቀኑ። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ክሪስቲን ጋር ልጆቻቸውን ይዘው በዚያ ኖሩ።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገራችንን ሲወር ቤትና እርሻቸውን ትተው ወጡ። የገቡት ወደ ገዛ አገራቸው ነው፤ እንደ እኛ ባዕድ አገር አይደለም። የለፉበትን ጥሎ መሄድን ግን ቀምሰውታል።

በ1932 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በስደት እዚሁ ካርቱም ሳሉ ሳንፎርድም እዚህ ነበሩ። በነሐሴ ወር፣ ክረምቱ ሳይወጣ፣ በ58 ዓመታቸው ድንበር ተሻግረው ጎጃም ገቡና ከአርበኞች ጋር ተገናኙ። ንጉሠ ነገሥቱም በጥር 1933 ዓ.ም. ተከተሉ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ።

ከድል በኋላ ወይዘሮ ክሪስቲን ትምህርት ቤቱን መሠረቱ። ጄኔራሉም ከመንግሥት ሥራ ሲያርፉ ወደ ሙሉ፣ ወደ አፈራቸው ተመለሱ። በጥር 1964 ዓ.ም. በ89 ዓመታቸው ዐረፉ።

ልብ በሉ! ጦርነቱ አለፈ፣ ሹመቱም አለፈ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ዛሬም ልጆች ያስተምራል። ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ ማታ ሲያጠና መብራቱን አትንፈጉት።