ጆርጅ አዳምሰን፤ ከአንበሶች ጋር የመኖር ዋጋ

ጆርጅ አዳምሰን እ.ኤ.አ. በ1906 በህንድ ተወልዶ በ1924 ወደ ኬንያ ሄደ፤ በ1938ም የዱር አራዊት ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ። በ1956 በሥራ ላይ ሳለ የመጣችበትን እንስት አንበሳ ገድሎ ሦስት ደቦሎቿን ወሰደ። ሁለቱ ወደ ሮተርዳም መካነ አራዊት ተላኩ፤ ኤልሳ የተባለችውን ግን ከባለቤቱ ከጆይ ጋር አሳድጎ ወደ ዱር መለሳት። በ1960 የታተመው የጆይ መጽሐፍ ታሪኩን ለዓለም አሳወቀ።

አዳምሰን ከ1970 ጀምሮ በኬንያ ጣና ወንዝ አቅራቢያ፣ በኮራ ሰፍሮ በሰው እጅ ያደጉ አንበሶችን ወደ ዱር የመመለስ ሥራውን ቀጠለ። በሽቦ ታጥረው የሚያድሩት ሰዎቹ ነበሩ፤ አንበሶቹ በነጻነት ይዘዋወሩ ነበር። በ1971 ቦይ የተባለው አንበሳ የሰፈሩን ሠራተኛ ገደለ፤ አዳምሰንም ለዓመታት የተንከባከበውን እንስሳ በገዛ እጁ ተኩሶ ገደለው። ይህ አደጋ የዘዴውን መሠረታዊ ችግር ያሳያል፤ ሰውን መፍራት ያልለመደ አንበሳ በዱር ራሱን ቢችልም፣ በአቅራቢያው ለሚኖሩ ሰዎች ስጋት መሆኑ አይቀርም።

አዳምሰን ራሱ ግን የሞተው በአንበሳ አይደለም። በ1989፣ በ83 ዓመቱ፣ በሽፍቶች እጅ የወደቀች እንግዳውን ለማዳን መኪናውን ወደ ታጣቂዎቹ ሲነዳ ተገደለ። የተቀበረውም በዚያው በኮራ፣ ከወንድሙ መቃብር አጠገብ ነው።