ጃንሆይና ሳይጸድቅ የቀረው የጭሰኛ ሕግ

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1892 ሐረርጌ፣ ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። በ1930 ዘውድ ጫኑ፤ በማግስቱ ዓመት ሕገ መንግሥት ሰጥተው ፓርላማ አቋቋሙ። ፓርላማው ውስጥ ግን ባለመሬቶች በርከት ያሉ ነበሩ።

በ1966 ጃንሆይ የመሬት ይዞታ ሚኒስቴርን አቋቋሙ። በ1967 አሥራት ቀርቶ የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ። የጎጃም ገበሬ ርስቴ ሊነካ ነው ብሎ በ1968 ሸፈተ፤ መንግሥት ጦር ላከ፣ በኋላም ውዝፉን ግብር ማረ።

ከዚያ የጭሰኛው ሕግ ለፓርላማ ቀረበ፦ ለባለመሬቱ የሚከፈለው ልክ እንዲኖረው፣ ጭሰኛውም እንዲሁ እንዳይነቀል የሚል። ድምፅ ከሚሰጡት ብዙዎቹ ግን እህሉን የሚካፈሉት ራሳቸው ነበሩ። ሕጉ ሲንከባለል ቆይቶ ሳይጸድቅ ቀረ። ዙፋናቸው የቆመው በነዚሁ ሰዎች ላይ ስለነበር ጃንሆይም አጥብቀው አልገፉበትም።

በሴፕቴምበር 1974 ከዙፋን ወረዱ። በማርች 1975 ደርግ የገጠሩን መሬት በሙሉ በአንድ አዋጅ ወረሰ። እሳቸው ያኔ እስረኛ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ኦገስት እዚያው እስር ላይ ሕይወታቸው አለፈ።

ጎንደር ላይ የሰው መሬት እያረሱ በሲሶ፣ በእኩል ሲያካፍሉ ለኖሩ አባቶቻችን ይህ የወረቀት ነገር አልነበረም። ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ለባለርስት ሳያካፍሉ ያረሱት ከዚያ አዋጅ ወዲህ ነው። ጃንሆይ በጊዜው ቢጨክኑበት ኖሮ ግን ያ ቀን ቀድሞ በመጣ ነበር።